አባባን የማስቀው እኔ ነበርኩ

ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ የአንድ ትልቅ ሰው ሳቅ በእጄ ነበር። ባሰኘኝ ሰዓት አስነሳዋለሁ። ማብረዱን ነበር የማልችልበት፤ እሱ ግን ያኔ አላሳሰበኝም። ሳቅ አልበርድ አለ ብሎ የሚጨነቅ ልጅ የት አለ?

ሰውየው የእናቴ አባት ነው፤ አባባ እለዋለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ በወጣ በሰባተኛው ወር፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሰሰና ቀኝ ጎኑም ምላሱም በአንድ ጠዋት ከዱት። ሆስፒታል ሁለት ወር ከርሞ እኛ ቤት መጣ። አባቴ በቅጡ ሳላውቀው ስለሞተ ቤቱ የእናቴና የእኔ ብቻ ነበር፤ አንድ ክፍልና አንድ ጠባብ ማብሰያ፣ ከአንድ ፎቅ ቤት ሥር። ለአባባ ባለ ክንድ የእንጨት ወንበር ተገዛለትና መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ። ወደ ፊት እንዳይንሸራተት እናቴ በሰፊ ጨርቅ ወገቡን ከወንበሩ ጋር ታስረዋለች። ያን ሁሉ ዘመን ከተማውን ሲዞር የኖረ ሰው መንገዱ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ሆነ።

እናቴ በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ ተኳሽ ነበረች። የምትገባው ሰባት ሰዓት፣ የምትወጣው አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ስለዚህ ጠዋት አባባ የእሷ ነው፣ ከሰዓት የእኔ። ከትምህርት ቤት ስመለስ እሱን አብልታ፣ አፉን ጠርጋ፣ ልብሷን ለባብሳ ትጠብቀኛለች። «ሚጡዬ፣ አደራ» ትላለች። ከዚያ በሩ ይዘጋና ቁልፉ ከውጭ ሁለቴ ይዞራል።

መጀመሪያ ላይ አትቆልፍም ነበር። አንድ ቀን ግን ልጆቹ ግቢ ውስጥ ገመድ ሲዘሉ ልቤ አላስቀምጥ አለኝና «አንዴ ዘልዬ እመጣለሁ» ብዬ ወጣሁ። ስንቴ እንደዘለልኩ አላውቅም። ስመለስ አባባ ከጨርቁ ሥር ሾልኮ ወርዶ፣ ጉንጩ ሲሚንቶው ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። ጮኼ ስጣራ የላይኛዋ ጎረቤታችን መጥታ ነው ያነሳነው። «እኔን እኔን፣ ለእርስዎ ይሄ ይገባል?» እያለች አቧራውን ታራግፍለት ነበር። እናቴ ስትሰማ አልመታችኝም፣ አልጮኸችብኝም። በማግስቱ ቁልፉ ዞረ፤ ትርፉ ቁልፍ ለጎረቤታችን ተሰጠ፤ በቃ። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። በሩ በተቆለፈ ቁጥር ጥፋቴን የምታስታውሰኝ ይመስለኝና ሆድ ይብሰኛል።

አምስት ሰዓት ለልጅ ስንት እንደሆነ የረሳ ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ ተቆልፎ ይሞክረው። ቤቱ አባባ ጉልበቱን የሚታሽበት ቅባት ይሸታል። ግቢው ውስጥ ገመዱ ሲሚንቶውን ጧ ጧ ሲያደርግ ይሰማኛል፤ ማን እንደሚዘል፣ ማን እንደሚያዞር በድምፁ ለይቼ አውቃለሁ። በመስኮቱ ብረት መሐል የሚገባው ፀሐይ ወለሉ ላይ ስድስት ቦታ ይከፈላል፤ የመጨረሻው ቁራጭ የአልጋውን እግር ሲነካ እናቴ ልትመጣ ነው። ያን ቁራጭ በዓይኔ እየገፋሁ ነው ከሰዓቱን የማሳልፈው።

አንድ ቀን ስልችት ሲለኝ አውቶቡስ መጫወት ጀመርኩ። አባባ ሾፌር ነው፣ እኔ ተሳፋሪ። ባልዲ ገልብጬ ከኋላው ተቀመጥኩና ድምፄን አወፍሬ «ወራጅ አለ!» አልኩ። መጀመሪያ ግራ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ ትከሻው። ከዚያ ከሆዱ የተነሳ ሳቅ ቤቱን ሞላው። ፊቱ ቀላ፣ ትንፋሹ አጠረው፣ እንባው በጉንጩ ወረደ። ከታመመ ወዲህ ከዚያ ደረት ሙሉ ድምፅ ሲወጣ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ልቤ ጮቤ ረገጠ። ደግሜ «ወራጅ አለ!» አልኩ፤ ደግሞ ሳቀ። ሦስተኛ፣ አራተኛ። እናቴ ያላገኘችውን፣ ሐኪሞቹ ያላገኙትን ነገር እኔ አገኘሁት።

ሳቁን ከግቢ የሰሙት ልጆች በመስኮቱ መጡ። መጀመሪያ ጥርሶ የምንላት፣ የገመዱ ባለቤት፣ ጥርሷ ከከንፈሯ ቀድሞ የሚመጣው ልጅ። «ምን አድርገሽው ነው?» አለችኝ ብረቱን ይዛ። አሳየኋት። በማግስቱ ሦስት ሆነው መጡ፤ በሳምንቱ መስኮቱ አልበቃቸው አለ። ከኋላ የቆመው የፊተኛውን ትከሻ ይዞ ይንጠላጠላል። ማስቲካ በብረቱ መሐል ያቀብሉኛል። ማን ፊት እንደሚቆም፣ ማን «ወራጅ አለ!» እንደሚል የምወስነው እኔ ነኝ። አስቡት እንግዲህ፤ ገመድ ስዘል እግሬ እርስ በርሱ የሚጠላለፍብኝ፣ ቡድን ሲከፋፈሉ ማንም ሳይፈልገኝ መጨረሻ የምቀረው ልጅ ነኝ። በተቆለፈ ቤት ውስጥ ሆኜ ግቢውን ሁሉ አስከትዬ ነበር።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ላይ፣ የፊዚዮቴራፒ ተማሪ ሆኜ፣ መምህራችን አንድ ታካሚ ፊት አቁመውን አስረዱን። አንዳንድ ሰው ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ሲፈሰው ሳቅና ለቅሶን የሚገታው መስመር ይጎዳል። ድንገተኛ ድምፅ ብቻ ይበቃል፤ ሰውየው ይስቃል፣ ማቆም አይችልም። ደስታ ኖሮት ላይሆን ይችላል። ሊያፍርም፣ ሊያምመውም፣ ውስጡ እያለቀሰም ሊሆን ይችላል። ይህን ሁሉ በጥሩ ጽሕፈት ማስታወሻዬ ላይ አሰፈርኩት። የድስት ክዳን ብጥልም አባባ ይስቅ ነበር ማለት ነው። ጓደኞቼ ወደሚቀጥለው አልጋ ሲሄዱ እኔ ያሰፈርኩትን ደግሜ አነብ ነበር።

ልጆቹ የማያውቁት ሌላም ነገር ነበረን። የአባባ ግራ እጅ የሞተው እጁ አልነበረም፤ ግን አቅም አንሶት ከሌባ ጣቱ በስተቀር እንዳሰበው አይታዘዝለትም ነበር። አንድ ከሰዓት መዳፌን ከእጁ ሥር አድርጌ «ውሃ ልስጥህ?» ስለው፣ ቆየት ብሎ ጣቱ መዳፌን ጫን አደረገኝ። ውሃውን ጠጣ። «ልጨምርልህ?» ስለው ሁለቴ ጫን ጫን አደረገኝና አፉን ዘጋ። ከዚያ ወዲህ አንዴ «አዎ» ሆነ፣ ሁለቴ «አይ»። ፍሬቻ አልነው፤ ማለቴ እኔ አልኩት። መልሱ እስኪመጣ እስከ አሥር መቁጠር ያስፈልጋል። እናቴ እውነትነቱን አምናለች፤ አንድ ሁለቴም ሞክራዋለች፤ ግን ቆማ አሥር ድረስ የምትቆጥርበት ጊዜ አልነበራትም። እኔ ከጊዜ በስተቀር ምንም አልነበረኝም። ብርድ ብርድ ሲለው፣ ጎኑን ሲያሳክከው፣ ሽንቱ ሲመጣ በመዳፌ አውቃለሁ።

«ስትስቅ ደስ ይልሃል?» ብዬ ግን አንድም ቀን አልጠየቅኩትም። የሚስቅ ሰው ይጠየቃል?

አንድ ቀን ሆቴሉ ውስጥ መብራት ጠፍቶ እናቴ አሥር ሰዓት ላይ መጣች። እኔ አላየኋትም። ልጆቹ ብረቱ ላይ ተደራርበዋል፣ ተራው የጥርሶ ወንድም ነው፣ አባባ ከሳቁ ብዛት አንገቱ ወደ ጎን ወድቆ ንፍጡ አገጩ ላይ ወርዷል። በሩ ሲከፈት ልጆቹ እግሬ አውጪኝ አሉ። እናቴ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ጣለችው። ፊቱን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችለት፤ አንገቱን አቀናችለት፤ ከዚያ እግሩ ሥር ሲሚንቶው ላይ ቁጭ ብላ ጉልበቱን ያዘች። «ይቅር በለኝ አባዬ» አለች። አባባ አሁንም ይስቅ ነበር።

እኔ ግራ ገባኝ። ምን አጠፋች? ቆይቼ ገባኝ ብዬ አሰብኩ፤ ቀንታ ነው። ለእሷ ስቆላት አያውቅማ! ይህን ሳስብ አዘንኩላት፤ ደስም አለኝ። ሁለቱ አብረው ልቤ ውስጥ ሊቀመጡ መቻላቸው ራሱ አላስገረመኝም።

በሳምንቱ እናቴ ጎረቤታችን ቤት ወጥታ ለአጎቴ ስልክ ስትደውል ደረጃው ላይ ጆሮዬን አቁሜ ሰማኋት። «ቆልፌባቸው ነው የምሄደው፣ ወንድሜ» አለች። «እሱ እንዳይወድቅ ብዬ እሷን አሰርኳት። ልጅ ናት እኮ። በመስኮት ነው ከሰው የምትጫወተው።» ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ ስላደረገች የሰማሁት «እሱም አልተመቸውም» የምትለውን ብቻ ነው። ለእኔ ስሞታ ነበር የመሰለኝ፤ ሚጡ አባባን በደንብ አልያዘችውም እያለች የምታሳጣኝ። እናቴ ልታስፈታኝ እየለመነች እንደነበር የገባኝ እኔም ልጅ ወልጄ በር የምቆልፍበት ጊዜ ሲመጣ ነው።

አጎቴ ቅዳሜ መጣ። የአራት ሰዓት መንገድ በምትርቅ ከተማ የሚኖር አናጢ ነው፤ ሲገባ ከልብሱ የእንጨት ብናኝ ይሸታል፤ ሲቀመጥ ወንበሩን አገላብጦ ካላየ አይሆንለትም። አባባን እንደ ሕፃን አቅፎ ሳመው። ከዚያ ተራ በተራ የቤቱን ነገር ዘረዘረልን፦ ሚስቱ ቤት ትውላለች፣ ልጆቹ አድገዋል፣ አልጋውን ራሱ ሠርቶ ጨርሷል፣ በሩ የሚቆለፍበት ምክንያት የለም።

«በረንዳው መንገድ ዳር ነው አባዬ» አለው። «የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሁሉ በፊታችን ነው የሚያልፈው። ስንት ሰዓት እንደሚመጡ በቃልህ ትይዛለህ። ትመጣለህ እኔ ጋ?»

አባባ ፈንድቶ ሳቀ።

«ይኸው!» አለ አጎቴ ጉልበቱን መትቶ። «ደስ ብሎት የለም እንዴ?»

«ሳቁን አትየው» አለች እናቴ። «ሳቁ ምንም አይነግርህም። እዚህ ለምዶ እንደሆነስ? ከልጅቷ መለየቱስ? ዕቃ አይደለም፣ ሳንጠይቀው አንጭነውም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ሚጡዬ፣ አንቺ ጠይቂልኝ። የጣቱን ቋንቋ የምታውቂው አንቺ ነሽ። እሱ ያለው ይሆናል።»

አጎቴ ሳቅ ቢለውም እናቴን አይቶ ዋጠው። ባልዲዬን ገልብጬ ከአባባ ግራ ተቀመጥኩ። መዳፌን ከእጁ ሥር ሳስገባ ላቤ ቀድሞ ገብቶ ነበር። ሳቁ እስኪያልፍለት ጠበቅን። ቤቱ ጸጥ ሲል የገመዱ ድምፅ በመስኮቱ ገባ።

«አባባ፣ አጎቴ ጋ መሄድ ትፈልጋለህ?»

ሦስት ላይ እንኳ አልደረስኩም። እንደዚያ ፈጥኖ መልሶልኝ አያውቅም። አንዴ፣ ጠንከር አድርጎ።

መዳፌን አላነሳሁም። ሁለተኛው እስኪመጣ ጠበቅኩ፤ ሁለተኛው ከመጣ «አይ» ይሆናል። እስከ አሥር ቆጠርኩ፣ እስከ ሃያ ቆጠርኩ። አልመጣም። ሳልናገር ከንፈሬን ብቻ እያንቀሳቀስኩ ደግሜ ጠየቅኩት፤ ዓይኔን እያየ ደግሞ አንዴ ጫን አደረገኝ።

የዚያን ጊዜ በልቤ ያለፈውን ሁሉ አስታውሳለሁ፤ ስለዚህ አላሳምረውም። በሩ ተከፍቶ ታየኝ። ግቢው ታየኝ። እኔ ግቢው ውስጥ፣ ገመዱ ሲጠላለፍብኝ፣ ጥርሶ «ውጪ፣ ውጪ» ስትለኝ፣ ቡድን ሲከፋፈል መጨረሻ ቆሜ። መስኮቱ ባዶ ሆኖ ታየኝ፤ ማንም ብረቱን አልያዘም። ነፃ ልወጣ ነበር፤ ነፃ መውጣት ደግሞ ማንም አለመሆን መሰለኝ። ወዲያው ሌላ ሐሳብ ይህን ሸፈነልኝ፦ አባባ ጥያቄው አልገባውም። እዚህ በየቀኑ ይስቃል፤ እዚያ ማን ያስቀዋል? ካለ እኔ ማን አለው? የምወደው ሰው ተሳስቶ እንዳይጎዳ ላድነው ነው። ዛሬ ድረስ እንደዚህ ሐሳብ የሚጣፍጥ ሐሳብ አስቤ አላውቅም።

«ሁለቴ ነው» አልኩ ዓይኔን በጨው አጥቤ። «አይፈልግም።»

ራሴን ስወቅስ ልጅ ነበርኩ፣ ተሳሳትኩ እላለሁ። ሳቁን ተሳስቻለሁ፤ እሱ እውነት ነው። ጣቱን ግን አልተሳሳትኩም።

እናቴ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። አዝና ይሁን ቀልሏት አላወቅኩም፤ እሷም ያወቀች አይመስለኝም። አጎቴ አንድ ሁለት ጊዜ «እስኪ ደግመሽ ጠይቂው» አለ፤ እናቴ ግን «ተናገረ እኮ፤ በግድ አልወስደውም» ብላ ዘጋችው። አባባ ከእኔ ላይ ዓይኑን አላነሳም። ጣቱ መዳፌ ውስጥ አንዴ ጫን አለ። ቆየና ደግሞ አንዴ። እጄን አወጣሁ።

እናቴ አሁን ሰባ አልፏታል። እንግዳ ሲመጣ ስለ እኔ ማውራት ትወዳለች። «ለዚህ ሥራ ያበቃት ለአያቷ የነበራት ፍቅር ነው» ትላለች። «በጣቱ ነበር የምታዋራው። ሊወስዱት መጥተው እንቢ ያለው ከእሷ ላለመለየት ነው።» እንግዶቹ በአድናቆት ያዩኛል፤ እኔ ዕቃ ለማንሳት እነሳለሁ። ሥራ ቦታዬ ቤተሰቦች መጥተው «ይስቃል እኮ፣ ደህና ነው» ሲሉኝ ቁጣዬ አፌ ላይ ይመጣል። ባልደረቦቼ ለታካሚ ያለኝን ተቆርቋሪነት ያመሰግኑልኛል። ተቆርቋሪነት ይሁን ሌላ ነገር ሃያ ዓመት ሙሉ ራሴን ጠይቄ መልሱን አላገኘሁትም።

አጎቴ እሑድ ረፋድ ላይ ሄደ። ሠርቶ የጨረሰውን አልጋ ለማን እንደሚሰጥ እያሰበ ነበር። ሰኞ ሰባት ሰዓት ላይ ቁልፉ እንደ ወትሮው ሁለቴ ዞረ።

ልጆቹ እናቴን ፈርተው ጠፍተው ነበር የሰነበቱት። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጥርሶ አንገቷን አሰገገች፤ እናቴ እንደሌለች ስታይ ሌሎቹን ጠራቻቸው። ብረቱ እንደገና በእጅ ተሞላ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ባልዲው ላይ ቆምኩ። የአባባን ፊት ሳላይ «ወራጅ አለ!» አልኩ።

ሳቀ። ልጆቹም ሳቁ። ሳቃቸው ጋብ ሲል ከእሱ ሳቅ ሥር አንድ ሌላ ድምፅ ሰማሁ። ጠቅ። መዳፌ ከሥሩ ስለሌለ ጣቱ የወንበሩን ክንድ አግኝቷል። ቆየና ደግሞ፦ ጠቅ። ትከሻው በሳቅ እየተናጠ፣ እንባው እየወረደ፣ ጣቱ ግን ሳይቸኩል አንድ፣ ከዚያ ዝምታ፣ ከዚያ አንድ ይላል።

«ምንድነው የሚንኳኳው?» አለች ጥርሶ።

«ምንም» አልኩ። «ወንበሩ ነው።»

ልጆቹ ሲሄዱም አላቆመም። ሳቁ አለቀ፤ ጣቱ አላለቀም። ፀሐዩ ወለሉ ላይ እየሄደ የመጨረሻው ቁራጭ ወደ አልጋው እግር ሲጠጋ ፍርሃት ያዘኝ፤ እናቴ ገብታ ትሰማዋለች። እናቴ ደግሞ ደንቆሮ አይደለችም። ፎጣ አመጣሁ። አራት ቦታ አጠፍኩት። የአባባን እጅ ቀስ ብዬ አንስቼ ፎጣውን የወንበሩ ክንድ ላይ አነጠፍኩና እጁን መልሼ አሳረፍኩበት። ጣቱ ተነሳ፣ ወረደ። ምንም አልተሰማም።

እናቴ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች መጀመሪያ ያየችው ፎጣውን ነው። ጠጋ ብላ በጣቷ ነካችው።

«እንጨቱ እንዳይጎረብጠው ብለሽ ነው ሚጡዬ?» አለችኝ። አናቴን ሳመችኝ፤ እጇ የተተኮሰ አንሶላ ይሸታል። «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠው ነበር?»

አባባ ከዚያ በኋላ ዓመት ከሁለት ወር ኖረ። ፎጣው ሲቆሽሽ አጥቤ እመልሰው ነበር።